ከቶርኖ ቤቱ ግርጌ የነበረችው ምንጭ

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም ከተማ ገበያ ዳር አንዲት ሴት በጎመንዘር ዘይት ፓስቲ ስትጠብስ ሽታው እግሬን ያዘኝ። ሌላውን ያስርበው ይሆናል፤ እኔን ግን የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ሰኢድን አስታወሰኝ።

ሁለታችንም ገና ከኮሌጅ እንደወጣን ከተማው ጫፍ ባለ የብረታ ብረት ማሠልጠኛ ተቀጠርን። በዚያን ጊዜ የገጠሩ የእጅ ፓምፖች ውስጣቸው ያለው ቦኮላ የሚባል ቀለበት እየተበላ ቶሎ ቶሎ ይቆሙ ነበር። እኛም አሉሚኒየም አቅልጠን፣ የብረት መሳያ ድንጋይ ዱቄት ቀላቅለንበት፣ በቀላሉ የማያልቅ ቀለበት ልንሠራ ተነሳን። ቅልቅሉ ክብደቱ ቀላል፣ ጥንካሬው የድንጋይ ሆነልን። ጣጣው የመጣው ብረት እያሽከረከረ በሚቆርጠው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ስንቀርጸው ነው። መቁረጫው እንዳይግል የምናፈስበት፣ ዘይትና ውሃ የተቀላቀለበት ነጭ ፈሳሽ የብረት ብናኝ ይዞ በቦይ ይወርድና ከግቢው በታች ካለችው ምንጭ ይገባል።

ከዚያች ምንጭ ከሚቀዱት የሰፈሩ ሴቶች አንዷ፣ ባለቤታቸው ደረሳ ሰብስበው ቁርአን የሚያስቀሩት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ተማሪዎቹ ደረሶችም ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱእ የሚጠቀሙት ያንኑ ውሃ ነው። አንድ ጠዋት በጣሳ ቀድተው በራችን ላይ ቆሙ። በውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፏል።

«ልጆቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ይሄን ለእንግዳ ትሰጡታላችሁ?» አሉን፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ሰኢድ ጣሳውን ተቀብሎ ቶርኖው አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ ያንን ፈሳሽ አልነካም። ከመቁረጫው በላይ ትንሽ ቆርቆሮ ሰቅሎ የጎመንዘር ዘይት በጠብታ ብቻ ማንጠባጠብ ጀመረ። ገብሱ የሚያሸትበት ወቅት ነበር፤ የመጀመሪያው ቀለበት እያብለጨለጨ ወጣ። ምንጯም ቀስ በቀስ ጠራች። እትዬ ዘይነባ ቆሎ ላኩልን፤ ዱዓም አደረጉልን።

ደስታችን ግን አልዘለቀም። በአሉሚኒየሙ ውስጥ ያለው የድንጋይ ብናኝ መቁረጫውን ይበላዋል። ለእንዲህ ያለ ቅልቅል የሚሆን መቁረጫ ደሴ ድረስ ሄደን አጣን። ሰኢድ ያለቀውን እየሳለ ቀጠለ። ኃላፊያችን በጠብታ ዘይት መቁረጫው ቶሎ ያልቃል ብለው ወደ ድሮው ፈሳሽ እንድንመለስ አዘዙ፤ እኔም ዘይቱን እንዲተወው ሰኢድን ለመንኩት።

«ይቺን ልጨርስና» አለኝ።

የዓይን መከላከያ መነጽሩን የዘይቱ ጭስ ስላደበዘዘበት አውልቆት ነበር። የመቁረጫው ጫፍ ተሰብሮ ተፈናጠረና ቀኝ ዓይኑን መታው። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሚኒባሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ ይዤ ደሴ ሆስፒታል አደረስኩት። ዓይኑ አልተረፈም።

ስመለስ ነጩ ፈሳሽ በቦዩ እየወረደ ነበር። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሥራው መቆም የለበትም አሉ፣ በቃ። የሠራናቸው ቀለበቶች አንድም ፓምፕ ሳይገቡ ከውዳቂ ብረት ጋር ተጣሉ።

ሰኢድ አሁን ደጎሎ ከተማ ገብስ ይነግዳል። ስንገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቻችን እናወራለን፤ ያንን ነገር አንስተነው አናውቅም። እኔ እዚያው ቶርኖ ቤት አረጀሁ። አዲስ የሚቀጠሩት ወጣቶች አካባቢን ስለማይጎዳ አሠራር ሲያወሩ አዳምጬ ወደ ቶርኖዬ እመለሳለሁ።

እትዬ ዘይነባ አልፈዋል። የሰፈሩ ሴቶች አሁን ከሩቅ ወንዝ ይቀዳሉ። አቤቱታ ይዞ በራችን የሚቆም ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነ። በፊት በፊት የሰፈሩ ሰዎች የታገሡን ይመስለኝ ነበር። ለካ ከእኛ ምንም መጠበቅ ትተው ኖሯል።