ለአምስተኛው አገልጋይ የተገዛ ብስክሌት

ባለቤቴ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ቅዳሴ ለመቀደስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አምስት ካልሞሉ አይቀደስም። በዚያ ደብር የቀሩት አራት ናቸው። ሌሎቹ ከፊሎቹ አርፈዋል፣ ከፊሎቹ ኑሮ ፍለጋ ወደ ከተማ ወጥተዋል። አምስተኛው መሐል ሜዳ የሚያስተምረው ልጄ ነው። ዲቁናውን የተቀበለው ገና ተማሪ ሳለ ነበር፤ በቁርባን ስላገባ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

የእሑዱ አያስቸግርም፤ ቅዳሜ ሄዶ እዚያው ያድራል። የሚያስቸግረው ሁዳዴ ነው። በጾሙ የዘወትር ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ልጄ የጠዋት ክፍሉን አስተምሮ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ መድረስ አለበት። ሚኒባስ ካገኘ ይሳፈራል፣ ካጣ በእግሩ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ያጣል። ምእመናኑ በግቢው ውስጥ ጥላ እየተከተሉ ሲጠብቁት ይቆያሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልፍና ሰው ይበተናል።

ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ባለፈው ጥምቀት ሰሞን ጠርተው አነጋገሩኝ። «ልጅሽን አልወቅስም» አሉኝ። «ግን በዚህ ሁዳዴም እንዲህ ከሆነ የዘወትሩን ቅዳሴ እናቆማለን። እሑድ እሑድ ብቻ ይሁን።»

ባለቤቴ ያረፈው በመጋቢት አጋማሽ ነው። ሙት ዓመቱ ሁልጊዜ ጾሙ ውስጥ ይውላል። እኔም ስሞት ከጎኑ እንድቀበር ተነጋግረናል። ለቄሰ ገበዙ ግን ይህን አልነገርኳቸውም፤ ያውቁታል።

ብስክሌት እንግዛ ያለው ልጄ ነው። ኮሌጅ እያለ ይነዳ ነበር። ፈረስ ይሻላል አልኩት። «ፈረሱን ትምህርት ቤት የት ላስረው እማዬ? ጥቁር ሰሌዳው ላይ?» አለ። ምራቴ ሳቀች። «አስቢው እስቲ፣ ዲያቆን ቀሚሱን ሰብስቦ ፔዳል ሲመታ» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። የማስበው ስለ መገበሪያው ነበር። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ የምለቅመው፣ ዱቄቱንና ዘቢቡን ከከተማ የምልከው እኔ ነኝ። ስለዚህ ብስክሌቱ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበት ብረት ይኑረው አልኩ። ከዚህ ሌላ ያልኩት ነገር የለም።

ደብረ ብርሃን አብረን ሄድን። ባለሱቁ ጎልማሳ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። መጀመሪያ ያወጣው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበር፤ ጎማው ጣት የሚያክል፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ። ልጄ በሁለት ጣት አነሳው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከሠርጉ ወዲህ አላየሁበትም።

«ዕቃ የሚጫንበትስ?» አልኩ።

«እናቴ፣ ይሄ የሚሮጥ ነው። ጌሾ አይጫንበትም» አለ ባለሱቁ።

«ጌሾ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«ብረቱን በማሰሪያ ጥፍር አድርጌ አስርልዎታለሁ።»

አንድ ብረት አምጥቶ ከኮርቻው ሥር አሰረው። በእጄ ይዤ ነቀነቅሁት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎ ጉምሩክ ነበሩ እንዴ?» አለ። ልጄ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆመ።

ሁለተኛው ጎማው ወፍራም፣ የኋላ ብረቱ አብሮት የመጣ ነበር። እኔ ወደድኩት። ልጄ ሱቁ ፊት ለፊት ወዳለው ዳገት ነድቶ ተመለሰና «እማዬ፣ በዚህ ከምሄድ በእግሬ ብሄድ እቀድማለሁ» አለ።

ሦስተኛው ከውስጥ ተፈልጎ የወጣ ነው። መሪው እንደ መጀመሪያው የታጠፈ፣ ጎማው ከዚያኛው ጥቂት ሰፋ ያለ። ከኋላ ጎማው እምብርት አጠገብና ከኮርቻው በታች ትናንሽ ቀዳዳዎች ነበሩት። ባለሱቁ በእነዚህ በኩል ብረቱን በቡሎን አጠበቀው። ነቀነቅሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። የዱቄት ከረጢት አስጭኜ ልጄን እንዲዞርበት አደረግሁ፤ ተረከዙ ከረጢቱን እየነካ ስላስቸገረው ብረቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አሰሩለት። ከመጀመሪያው ይከብዳል። ልጄ የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ መለስ ብሎ አየው፤ ከዚያ ይኸው ይሁን አለ። ዋጋው ላይ የተከራከረው እሱ ነው።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሳምንት ልጄ ማንንም ሳያስጠብቅ ደረሰ። ሰው ወጥቶ አየው። ቄሰ ገበዙ ብስክሌቱን ዙሪያውን ተመለከቱና መገበሪያውን ከየት እንዳወረደው ጠየቁት። ከኋላ አላቸው።

«ከመቀመጫህ ኋላ?»

«አዎ አባቴ።»

«ለሥጋ ወደሙ የሚሆን ነገር የሰው መቀመጫ ኋላ ተጭኖ አይመጣም» አሉ። «ቁጣ አይደለም። አባቶቻችን በራሳቸው ወይ በደረታቸው ነው የሚሸከሙት።»

ማታ ሲነግረኝ ደነገጥሁ። መሐል ሜዳ ስኖር ዘመኔን ሙሉ መገበሪያ ልኬያለሁ፤ በሰው እጅ ስለምልከው እንዴት እንደሚሸከሙት አስቤ አላውቅም ነበር። ለዚያ ብረት ስል ቀላሉን ብስክሌት አስትቼዋለሁ። ልጄ ከዚያ ወዲህ መገበሪያውን በነጠላ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ እያሰረ፣ ኋላው ላይ ጋቢውን ብቻ እየጫነ ይሄዳል። ደረቱ ላይ የታሰረ ዕቃ ይዞ መሪው ላይ አጎንብሶ ዳገት መውጣት ትንፋሽ ያሳጥራል። ይህን የነገረችኝ ምራቴ ናት።

የባለቤቴ ሙት ዓመት በሳምንቱ መሐል ዋለ። እኔ በጠዋት ሚኒባስ አግኝቼ ቀድሜ ደረስኩ። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቧል። አራቱ አገልጋዮች ተዘጋጅተው፣ ኅብስቱ በሚጋገርበት በቤተ ልሔሙ አጠገብ ተቀምጠዋል። ልጄ በሰዓቱ ደረሰ። ብስክሌቱን ግንቡ ላይ አስደግፎ፣ መገበሪያውን ከደረቱ ፈታና ከዲያቆናቱ ለአንዱ ሰጠ። ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄዶ ቆመ።

«አባቴ፣ ዛሬ አልገባም» አለ።

«ምን ሆነህ?»

«ዳገቱ ላይ በጎች አስፋልቱን ሲያቋርጡ በመሐላቸው አለፍኩ። አፌን ከፍቼ ስተነፍስ ዝንብ ገባች። ልተፋት ሞከርኩ፤ ወርዳለች።»

ለሩቅ ሰው ይህ የሚያስቅ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ከሌሊት ጀምሮ በጉሮሮው ያለፈ ነገር ያለ ሰው አይቆርብም፤ የሚቀድስ ሰው ደግሞ ሳይቆርብ አይወጣም። ዝንብም ብትሆን ያው ናት።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጥ፣ «አንተ ደግሞ፣ አፍህን ገጥመህ አትነዳም?» አለችው።

«ዳገት ነው እትዬ። በአፍንጫ ብቻ አይወጣም።»

«እንግዲያ ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?» አለ ከወንዶቹ አንዱ፣ ቀስ ብሎ። እንደ ቀልድ ነበር ያለው፤ ግን ብዙዎቹ ወደ ልጄ ተመለከቱ። ልጄ መሬት መሬት አየ።

ቄሰ ገበዙ ተነሡ። «ደግ አደረግህ ስለነገርኸን» አሉት። ወደ እኔም መጥተው «ፍትሐት እናደርስለታለን። ቅዳሴው ግን አይሆንም» አሉ። «እሺ አባቴ» አልኩ። መቃብሩ ላይ ቆመው ፍትሐቱን አደረሱ። ልጄ ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነበር፤ ወድቆ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ሰው ዳቦውንና ጠላውን ቀምሶ ሲበተን ቄሰ ገበዙን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ስለ ቅዳሴው መቅረት ላዝን አልነበረም የሄድኩት። ልጄ ከስቷል። ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ እግሩን እንደሚያወራጭ ምራቴ ነግራኛለች። ጠዋት አስተምሮ፣ ባዶ ሆዱን ያንን ዳገት ወጥቶ፣ ከዚያ እስከ ማምሻ ቆሞ መቀደስ የአንድ ሰው ጉልበት አይበቃውም።

«አባቴ፣ የዘወትሩን እንተወው ብለውኝ ነበር» አልኳቸው። «እንተወው።»

በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ቆዩ። ያን ጊዜ እንዲያ ያሉት እኔ እንድበረታ ብለው እንደነበር ነገሩኝ። አሁን ግን ልጄ በሰዓት መድረስ ከጀመረ ወዲህ ሕዝቡ ተመልሷል፤ ጓሳ ዳር ካሉት መንደሮች ሳይቀር በዘወትር እየመጡ የሚቆርቡ ሽማግሎች አሉ። «እነሱን ምን ልበላቸው?» አሉኝ። «እሱን ካሰናበትኩ አምስተኛው ማን ይሁን? አንቺው ንገሪኝ።»

መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

ወደ አስፋልቱ ወጥቼ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ። ልጄ ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ቀድመህ ሂድና ውኃ ቅመስ አልኩት።

«መኪና እስክታገኚ ልቁም።»

«ነገም ቅዳሴ አለ?»

«አለ። ከነገ ወዲያም አለ።»

ብትተወውስ ልለው ፈለግሁ፤ አልኩትም። ከደቡብ የሚመጣ መኪና መስሎን ሁለታችንም ቀና አልን፤ የውኃ ቦቴ ነበር፣ አልፎን ሄደ።

«ዛሬ ሁሉም ሲያዩኝ» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ ሽማግሌ ሲያለቅሱ አየሁ። ከሩቅ ነው የመጡት፤ ሊቆርቡ ነበር።»

ብርዱ እየበረታ ሲመጣ መኪና እንደማይመጣ ገባኝ። ወደ መሐል ሜዳ በእግራችን ጀመርን። እሱ ብስክሌቱን በመሪው በኩል ይዞ ይገፋል፤ እኔ ኮርቻውን ተደግፌ እራመዳለሁ። መንገዱ ሲከብደኝ ያውቅና ሳይናገር ይቆማል። ትንፋሼ ሲመለስ እንቀጥላለን።