ስም ያለበት ቅጽ

አሠልጣኙ ማረሚያ ቤት ውስጥ እንጨት ሥራ ያስተምራል። ሳንቃ እንዳይቀያየር የእያንዳንዱን ታራሚ ስም በእርሳስ መጻፍ ልማዱ ነው። ታራሚዎች ምን ያህል ደኅና እንደሆኑ የሚለካ ቅጽ አዘጋጅ ሲባልም አሥር ጥያቄ አወጣ፤ እንደ ልማዱ ከራስጌው የስም መስመር አሰመረ።

በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም ከአምስት አምስት ሰጡ።

«ሆቴል ነው እንዴ ያላችሁት?» አላቸው። ሳቁ። «እውነቱን ሙሉ፤ ከእኔ ሌላ የሚያየው የለም።»

ያመኑት በይቅርታ ሊፈቱ ሦስት ሳምንት የቀራቸው ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ለእንቅልፍ አንድ፣ ለተስፋም አንድ አከበቡ።

የማረሚያ ቤቱ አለቃ ግን ቅጾቹን ከአሠልጣኙ ተቀብሎ በየታራሚው ፋይል አስገባቸው። የይቅርታ ኮሚቴውም የሽማግሌውን ቅጽ አይቶ «ገና አልተዘጋጁም» ሲል መፈቻቸውን በአንድ ዓመት አራዘመባቸው።

አሠልጣኙ የስሙን መስመር ሰርዞ ቅጹን እንደገና አደለ። ሽማግሌው ሳያነቡ ለአሥሩም አምስት አከበቡ።

«አባባ፣ አሁን እኮ ስም የለበትም።»

«ይሁን ልጄ። እፈታለሁ ባልኩበት ቀን የልጅ ልጄ በር ላይ ስትጠብቀኝ ውላ ብቻዋን ተመለሰች። በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር አትጨምርበት።»

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት የታራሚዎች ደኅንነት በእጅጉ መሻሻሉን ገለጸ። አሠልጣኙ አንብቦ ፈረመበት።