ለእትዬ ስመኝ ሚዛን የመረጥኩት ቺፕ

እንጅባራ፣ በጋሽ ቸኮል የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት ሥራ ስጀምር ጠረጴዛው ላይ የጠበቀኝ ዲጂታል ሚዛን ነበር። በስልኬ እያየሁ ፕሮግራም በሚጫንባቸው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳዎች ትንንሽ ነገሮች እሠራ ነበር። ከሚዛኑ ጀርባ የሚወጣውን የዳታ ሽቦ በቀጥታ ሰሌዳዬ ላይ ልቀጥል ስል ጋሽ ቸኮል የቮልት መለኪያውን ሜትር አቀበለኝ።

«መጀመሪያ ለካ።»

ለካሁ። ሚዛኑ ምንም ሳይልክ ሽቦው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ቮልት ያሳያል። የሜትሩን ሽቦዎች አዘዋውሬ የሰካሁ መስሎኝ አየሁ። ልክ ነበሩ። ከዜሮ በታች የሚያርፍ ሽቦ መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ሰሌዳዬ የሚችለው ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት ነው።

«ቀጥለኸው ቢሆን ጭሱ ለጎረቤት ይሸት ነበር» አለና ወደሚጠግነው ሬዲዮ ዞረ።

ሚዛኑ የእትዬ ስመኝ ነው። ጥሊሊ ገበያ ከገበሬ ድንች ትገዛለች። የሚዛኑ ቁጥር የሚታየው ለእሷ ብቻ ስለሆነ «ኪሎ ትሰርቃለች» የሚል ወሬ ተነሥቶባት ደንበኞቿ ወደ ሌላ ነጋዴ መሄድ ጀምረዋል። ለገበሬው ፊት ለፊት የሚቆም፣ ትልልቅ ቁጥር ያለው ማሳያ እንድንሠራላት ነበር የመጣችው።

«ቁጥሩን እነሱም ይዩት» አለች። «አለበለዚያ ገበያውን መልቀቄ ነው።»

በሚዛኑና በሰሌዳው መካከል ቮልቱን የሚያስማማ ቺፕ ይገባል። የቆየው ዓይነት፣ 232 የሚባለው፣ አምስት ቮልት ይፈልጋል፤ አምስቱንም ወደ ሰሌዳዬ መልሶ ስለሚልክ ይጎዳዋል። አዲሱ 3232 ግን ከሦስት ቮልት ጀምሮ ይሠራል። 3232 መረጥኩ፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። ጠረጴዛ ላይ በአጭር ሽቦ ቀኑን ሙሉ ሞከርኩት፤ አንዴም አልሳተም።

በገበያው ቀን ከጋሽ ቸኮል ጋር ማሳያውን በረጅም ሽቦ ከሚዛኑ ጋር አገናኝተን ጥሊሊ ላይ ተከልነው። የመጀመሪያዎቹ ጆንያዎች ልክ ነበሩ። እትዬ ስመኝ ደስ ብሏት «ዛሬ ሰበብ የለም፤ ዓይናችሁን ክፈቱ» ትላለች።

ከዚያ የአንዱ ገበሬ፣ የአያ ዳምጤ፣ ጆንያ ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሚዛኑ ሃምሳ ሰባት አለ። ማሳያው ሃምሳ አምስት አለ።

አያ ዳምጤ ሁለቱንም ዞሮ አየ። «ስመኝ፣ የቱ ነው የአንቺ፣ የቱ ነው የኔ?»

ሙሉ በሙሉ ቢበላሽ ይገባኝ ነበር። ይህ ግን ሁለት ኪሎ ብቻ የሚቀንስ፣ ሌባ የሚመስል ስህተት ነበር። ከኋላ የቆሙት ገበሬዎች በአዊኛ ተነጋገሩ፤ አንዱ በአማርኛ «ሚዛኗም ሁለት ምላስ አወጣ» ብሎ አሳቃቸው። እትዬ ስመኝ በሃምሳ ሰባቱ ከፍላ ሸራዋን ጠቀለለች። ሌሎቹ ጆንያቸውን አንሥተው ሄዱ።

ሱቅ ስንመለስ ጋሽ ቸኮል ቺፑን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በነከረው ጥጥ አሸው። 3232 የሚለው ጽሑፍ በጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ 232። ሻጮቹ ስሙን ቀይረው ሸጠውልኛል። በጠረጴዛው አጭር ሽቦ እንደምንም ቢሠራም፣ በገበያው ረጅም ሽቦ ግን በሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት አቅም አጥቶ እየተንገዳገደ ነው ያነበበው። ሚዛኑ በሚልከው ኮድ ሰባትና አምስት የሚለያዩት በአንድ ምልክት ነው፤ እሷን ዘለላት።

ከሌላ ሻጭ አዲስ ቺፕ አስመጣሁ። ይህኛውን በሦስት ነጥብ ሦስት ቮልት አሠርቼ የሚያወጣውን ቮልት ለካሁ፤ በረጅሙ ሽቦም ፈተንኩት። ይዤላት ስሄድ እትዬ ስመኝ ቺፑን አላየችም።

«ይኸኛውም ይበላሽ ይሆናል?»

«ይበላሽ ይሆናል።»

«እንግዲያው ሲበላሽ ዝም የሚል አድርገህ ሥራልኝ። ዝም ያለ አያሰድበኝም።»

ፕሮግራሙን ለወጥኩት። ተከታትለው የመጡ ሦስት ንባቦች አንድ ካልሆኑ ማሳያው ይጠፋል። በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ መጣ። አያ ዳምጤ ግን መጣ። ጆንያው ገና ሲወዛወዝ ማሳያው ጨለመ፤ እትዬ ስመኝ እጇን ከሚዛኑ አነሣች።

«አኮረፈ እንዴ?» አለ አያ ዳምጤ።

«እርግጠኛ እስኪሆን ነው» አልኩት።

ጆንያው ሲረጋ በሁለቱም በኩል ስድሳ አንድ በራ። አያ ዳምጤ ዞሮ አየና ሁለተኛውን ጆንያ ራሱ ጫነው።

ቺፕ በላዩ በተጻፈው ቁጥር አይመረጥም። በሚሠራበት ቮልት፣ በሚሠራበት ሽቦ ይለካል። ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግም አስቀድሞ ይወሰናል።