መስታወት ውስጥ ያለችው ልጅ

አንቴና የሚለውን ስም ያወጡላት ሰባተኛ ክፍል ሳለች ነው። ቁመቷ ከመምህሩ ጋር ሲተካከል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተረበኛ ጣል አደረገው፤ ከዚያ በኋላ እናቷ ሳትቀር ስትናደድ በዚሁ ትጠራት ጀመር። በስሙ ተቀይማ አታውቅም። በቀጫጭን እግሮቿ ሲቀልዱባትም አብራ ትስቃለች። ሁሉን የሚችል ሰው ግን አንድ ቦታ ሲነኩት አውሬ የሚሆንበት ነገር አያጣም። የእሷ ፊቷ ነበር።

አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሴቶች ልብስ ቤት አላት። በግራዋ ሞባይል ጠጋኝ፣ በቀኟ ፀጉር ቤት። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ልብስ የሚለካው በመጋረጃ በተከለለ ጥግ ውስጥ ነው። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች የያዘው መስታወት ግን ቤቱን እጥፍ ያስመስለዋል። አንቴና ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስታጣ አክስቷ "እኔ ጋ ዋይ" ብላ ወሰደቻት። አዲስ ልብስ በገባ ቁጥር አንቴና ትለብሳለች፣ አክስቷ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ከዚያ ከአንገት በላይ ያለውን ቆርጣ ትጥልና የሱቁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ትለጥፈዋለች። ልብሱ እሷ ላይ ሲሆን ሌላ ነው። ደንበኞች እየደወሉ "ያቺ ልጅ የለበሰችውን" ይላሉ። ያቺ ልጅ ግን ጭንቅላት የላትም።

ለምን እንደምትቆረጥ ጠይቃ አታውቅም። በልቧ ለክብሯ የተደረገ ይመስላት ነበር፤ ዘመድ አይቶ እንዳያማት፣ መንገድ ላይ ወንድ እንዳይለክፋት። እንዲያውም አክስቷን ታመሰግናት ነበር፣ ሞኟ!

አንድ ቀን መጋረጃው ውስጥ የቀሚስ ዚፕ አልዘጋ ብሏት ስትታገል ደንበኛ ገባች።

"ያቺ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ እንዴት ያለ ቁመና ነው ያላት!" አለች ሴትየዋ። "ምነው ፊቷን አታሳዪንም?"

አክስቷ ሳቀች። ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። "ኧረ ተይኝ እባክሽ! ከአንገቷ በታች ይሸጣል፣ ከአንገቷ በላይ ገበያ ያባርራል። የአባቷን መንጋጋ ይዛ ቀረች፣ ምን ላድርጋት?"

ሁለቱም ተሳሳቁ። አንቴና ዚፑን ለቀቀችውና መንጋጋዋን በጣቶቿ ዳሰሰችው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ከእሱ የቀራት ነገር ቢኖር ይሄው ነው። ወጥታ ብትጮህ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እኔ ብሆን ቀሚሱን አውልቄ ፊቷ ላይ እወረውርላት ነበር። አንቴና ግን ከእኔ የባሰች ናት፤ በሆዷ ያዘችው። ዚፑን እንደምንም ስባ ዘጋች፣ መጋረጃውን ገለጠችና "ጨርሻለሁ አክስቴ፣ አንሺኝ" አለች።

አክስቷ አጭር ስለሆነች ፎቶ የምታነሳው ስልኩን ደረቷ ጋ ይዛ ነው። ስትቆርጥም የምታየው ልብሱን ብቻ ነው፤ ጫፉ ገባ ወይ፣ ቀለሙ ደመቀ ወይ፣ በቃ። አንቴና ካሜራው ፊት ስትቆም ከመስታወቱ ራቅ ብላ ትከሻዋንና ፊቷን ወደ እሱ ማዞር ጀመረች። ራሷ እንደ ወትሮው ይቆረጣል። ከኋላ መስታወቱ ውስጥ አነስ ዝቅ ብሎ የሚታየው ፊቷ ግን አይቆረጥም። እዚያ ሆና ፎቶውን የሚያየውን ሰው ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አትስቅም። በየቀሚሱ፣ በየሱሪው፣ በየጃኬቱ ጥግ ላይ ያው ፊት፣ ያው አፍጣጭ ዓይን።

መጀመሪያ ልብ ያለ የለም። ከዚያ ከፎቶዎቹ ሥር "ዋጋው ስንት ነው?" በሚሉት መሃል አንዷ "መስታወት ውስጥ ያለችው ማን ናት?" ብላ ጻፈች። አክስት ለሁሉም አንድ መልስ ነው ያላት፤ "ዋጋውን በውስጥ መስመር እንልካለን" ብላ መለሰች። ሰው በሳቅ ሞተ። ብዙ ሳይቆይ አንድ ሥራ ፈት ፎቶዎቹን ሰብስቦ ፊቷን በቀይ እየከበበ ለጠፈውና ነገሩ በከተማው ተዛመተ።

ጉዱን ይዛ የሮጠችው የፀጉር ቤቷ ባለቤት ናት፤ ስልኳን አክስት አፍንጫ ሥር ደቀነችው። አክስት አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ፊቷ ደም መሰለ።

"አንቺ! ሱቄን መቀለጃ አደረግሽው?"

"እኔ ምን አደረግኩ? የቆረጥሽው አንቺ። አልጨረስሽውም እንጂ።"

"ሜዳ ላይ ወድቀሽ ሰብስቤሽ! ውጪልኝ ከዚህ!"

አንቴና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ሥራ እንደሌላት ትዝ አላት።

ቤት ገብታ ያደረገችው የመጀመሪያው ነገር የራሷን ገጽ መክፈት ነው። "መስታወት ውስጥ ያለችው" ብላ ሰየመችው። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጠረች፣ ስልኳን ልብስ መተኮሻው ላይ አስደገፈች፣ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሳይሸሽ ቶሎ ቶሎ ቆመች። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች የመታወቂያ ጉርድ ነው የሚመስሉት። ልብሷም ጥቂት ነው፤ የእናቷን አሮጌ ኮት ገልብጣ እስከ መልበስ ደረሰች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "እስቲ አሁን ይሄ ሥራ ነው?" እያለች ኮቱን ታቃናላታለች። ሞዴል አስቀጣሪ ነኝ የሚል አንድ ሰው "ለምዝገባ ልብስሽን አውልቀሽ የተነሳሽውን ላኪ" ብሎ ጻፈላት። መልእክቱን ከነስሙ ገጿ ላይ ለጠፈችው። ሰውየው ገጹን ዘግቶ ጠፋ፣ የእሷ ተከታዮች በዙ።

በመጨረሻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ጻፈላት። ለአዲሱ ልብሳቸው ፊት የምትሆን ልጅ ይፈልጋሉ፤ መጥታ ትሞከር። ይሄም አጭበርባሪ እንዳይሆን ብላ እናቷን አስከትላ በር ድረስ ሄዳ አጣራች። እውነት ነው። ተቀባይነት ካገኘች ፎቶዋ፣ ያውም ፊቷ፣ ልብሱ በሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ ይሰቀላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላሰበችም። ፋብሪካውንም ሥራውንም ወደደችው ለማለት አልችልም፤ የወደደችው አክስቷ በየሄደችበት ያንን ፊት ስታይ በዓይነ ሕሊናዋ መሳል ነው።

አክስት በበኩሏ ገበያ ራቃት። የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገዝታ ብታለብስም የሚደውል ጠፋ። ለሙከራው አንድ ቀን ሲቀር ቤታቸው መጣችና እናትየው አጠገብ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

"እህቴ፣ አስታርቂን። ሱቁ ሊዘጋብኝ ነው። ትመለስልኝ።"

እናት ልጇን በልመና ዓይን አየቻት። "እናትሽ ልሙት፣ ተያት። ሥጋሽ ናት።"

"እተዋታለሁ" አለች አንቴና። "ግን ያለችውን፣ እንዳለችው፣ በሱቁ ገጽ በቀጥታ ሰው እያየ ትናገረው።"

አክስት እናትየውን አየች፤ እናት መሬት መሬቱን አየች። ሌላ መውጫ አልነበረም። እዚያው ስልኳን አወጣች፣ አንቴና ያዘችላት።

"እኔ... የዚችን ልጅ ፊት ስቆርጥ የነበርኩት እኔ ነኝ" አለች አክስት። "ከአንገቷ በላይ ገበያ ያባርራል ያልኩትም እኔ ነኝ። የእህቴ ልጅ ናት። አባቷም ቢሆን ደግ ሰው ነበር፣ በመንጋጋው ቀለድኩበት።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንቴና በደስታ ስልኩን ወደ አክስቷ ፊት አስጠጋችው። ይሄን ቀን ነበር ስትጠብቅ የኖረችው።

ደስታዋ ግን አላደረም። ሰው ለአክስት አዘነላት! "እንዲህ ጥፋቷን የምታምን ሴት የት ይገኛል" አሉ። "አይዞሽ እናቴ፣ ሱቅሽ የት ነው?" አሉ። ከሰዓት በኋላ ደረጃው በሰው ተሞላ፤ ስትደብቀው የኖረችው የቆየ ሸቀጥ ሳይቀር ተራግፎ ማንጠልጠያው ባዶውን ቀረ። ማታ አክስት ደወለች፤ ድምጿ ሰርግ ቤት የዋለ ሰው ድምፅ ነው።

"ልጄ፣ ተባረኪ! በየሳምንቱ ብናደርገውስ?"

አንቴና ስልኩን ዘጋችው። እርር ድብን አለች። ያዋረደቻት መስሏት ነግዳላት ቁጭ! እናቷ "አየሽ፣ ይቅርታ እንዴት ደግ ነው" ስትላት ትራሱን ነከሰች።

ጠዋት ፋብሪካው ስትደርስ ዓይኗ ደም ለብሷል። ያለበሷት ረዥም ጥቁር ካፖርት ነው። ፎቶ አንሺው መብራቱን አስተካክሎ "ፈገግ በይ" አላት። ሞከረች፣ ጥርስ ሕመም መሰለ። ደግሞ ሞከረች። ከጥግ የቆሙት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሰዓታቸውን አዩ። ሥራው ሊያመልጣት እንደሆነ ታወቃት።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "በር ላይ ስትገቢ ሌላ ፊት ነበረሽ። ማነው ያናደደሽ?"

"አክስቴ።"

"እንግዲህ እኔን ተዪና እሷን እዪያት።"

አንቴና የካሜራውን ዓይን አየችው። ባዶ ማንጠልጠያዎችን አየች፣ "ብናደርገውስ" የሚለውን ሰማች። አገጯ ከፍ አለ። ፎቶ አንሺው በላይ በላዩ ያነሳት ጀመር፤ ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ትተው ፎቶው ወደሚታይበት ስክሪን ተጠጉ።

"ይቺ ናት" አሉ። "ሌላ አትፈልጉ።"

"በቃ፣ አግኝተነዋል" አለ ፎቶ አንሺው ላቡን እየጠረገ። "ማረፍ ትችያለሽ።"

አንቴና ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። "እኔን አልበቃኝም" አለችው። "ድገመኝ።"