ናፍጣ የማትለምን በቅሎ

የአሠሪዬ ልጅ አዲስ ፒካፕ ገዝቶ ግቢ ያስገባ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ቀለሙን ሊያይ ወጣ። እኔም ከኩሽና እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ወጣሁና፣ «ነዳጅ ብዙ ይጠጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ። የዚህ የበረሃ አገር ሰው ስለ ነዳጅ ምን ያስጨንቀዋል? እነሱ ዘንድ ብርቁ ውሃው ነው።

«ሃይብሪድ ነው» አለኝ። ቤንዚንም ባትሪም አለው። ቀስ ብሎ ሲሄድ በባትሪው ይሄዳል፤ ፍሬን ሲይዙት ባትሪውን ራሱ መልሶ ይሞላል፤ አቀበት ሲመጣ ሁለቱም ይተጋገዛሉ። ገመድ ይዞ መሰኪያ መፈለግ የለም። ዓርብ ዓርብ ወደ ጓደኞቹ ሲሄድ እግረ መንገዱን ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል፤ ከጎኑ ተቀምጬ መጠየቅ ነው። ጭቃ ይወጣል? ድንች ቢጫንበትስ? ወንዝ ሲሻገር ባትሪው ምን ይሆናል? አንድ ቀን መሪውን ይዞ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ወጥ ሠሪ ነሽ ወይስ መካኒክ?» አለኝ።

ምን ልበለው? ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቅዳሴ እየሄድሁ በልቤ የአንድ ሰው ቂም ይዣለሁ ልበለው?

አገሬ አዊ ነው። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ ሲሄዱ፣ የዘንገናን ሐይቅ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ላይ የሚገነጠል የጭቃ መንገድ አለ። የእኛ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። በመንደሩ የነበረው ፒካፕ አንድ ብቻ ነው፤ የጎረቤታችን። ሰውየው እኩያዬ ነው። እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተችበት ከእኛ ገበታ ያልበላበት ቀን ጥቂት ነው። እናቴ ከእኛ ለይታው አታውቅም።

እናቴ በጠና የታመመች ዕለት ታናሽ ወንድሜ ሮጦ ደጁ ቆመ። ሰውየው መኪናው ሥር ተጋድሞ አንድ ነገር ያጠብቅ ነበር። ከዚያው ሳይወጣ፣ «ናፍጣ የለም» አለው። «ጠብታ የለም። ዳንግላ ተሰልፌ ውዬ ባዶዬን ነው የተመለስሁ።»

ወንድሜ አመነው። ማን አያምንም? በዚያ ሰሞን ማደያዎቹ ደርቀው ነበር። የእድሩ ወንዶች ተጠሩ፤ ቃሬዛ ታሰረ፤ እናቴን ጋቢ አልብሰው በትከሻቸው ይዘዋት ወረዱ። ክረምት ነው። መንገዱን መቼም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አንዱ እግር ሲነሣ ሌላው ይቀበራል።

ገና አጋማሽ ሳይደርሱ ከኋላቸው ክላክስ ተነፋ። ዞር ሲሉ ፒካፑ ነው፤ ከሰል እስከ አናቱ ጭኗል። ገለል በሉ ማለቱ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ተሸካሚዎቹ ከነቃሬዛው ቦዩ ውስጥ ወርደው አሳለፉት። ጎማው የረጨው ጭቃ የእናቴን ጋቢ አለበሰው። አልቆመም። እናቴ አስፋልቱን ሳታይ አረፈች።

ይህን ወንድሜ በስልክ ነገረኝ። እኔ አልቀበርኋትም፤ አፈር አላለበስኋትም። ባዕድ ኩሽና ውስጥ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለሰው እራት ሩዝ ቀቀልሁ።

«በቀሉን ለባለቤቱ ተዪለት» አሉኝ የነፍስ አባቴ፣ ደውዬ ስነግራቸው።

«ትቼለታለሁ፣ አባቴ። እኔ መኪና ነው የምገዛው።»

«የምን መኪና?»

«ናፍጣ የለም የማትል ፒካፕ።»

መኪና መግዛት ኃጢአት ነው የሚል የትም አልተጻፈ፣ ምን ይበሉኝ?

ያ ሰው ሰው የሆነው በዚያ ፒካፕ ነው። የጥሊሊን ድንች የሚያወርደው እሱ፤ እህል ወደ ጫግኒ የሚያመላልሰው እሱ፤ ሙሽራ የሚያመጣው እሱ። የእኔዋ መንደር ስትገባ ግን ገበሬው ማንን ይጠራል? የእሱዋ ደጁ ላይ ቆማ ዶሮ ሲሰፍርባት፣ ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ሲጣልባት በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ ስንት ሽንኩርት ከትፌአለሁ! ያኔ እንባዬ የሽንኩርቱ ይመስላቸዋል።

ወንድሜ የሚያውቀውን መኪና ነው የፈለገው። «እታለም፣ ያንኑ አሮጌውን የናፍጣ ዓይነት እንግዛ። ዕቃው እንጅባራ ይገኛል፤ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።»

«ከዚያስ? ዳንግላ ወርደህ ከእሱ ኋላ ልትሰለፍ?»

«እንግዲያው የኤሌክትሪኩን።»

«መብራት የት አለህና? ይህን ስልክ የሞላኸው የት ነው?»

«ጥሊሊ ወርጄ።»

«መኪናውንም ተሸክመህ ጥሊሊ ልትወርድ ነዋ!»

ሳቀ። ከዚያ የሃይብሪዱን ነገር፣ ናፍጣ እንደማትፈልግ፣ ቤንዚንም በጥቂቱ እንደሚበቃት አስረዳሁት፤ እሱም ለሰው አስረዳ። የእኛ አገር ሰው ፈረስ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ በስልክ ስዳክርበት የከረምሁትን አንድ ሽማግሌ ገበያ ላይ፣ «በቅሎ ናታ! የእናቷ ጉልበት፣ የአባቷ ሆድ!» ብለው ጨረሱት አሉ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሁሉ፣ «በቅሎዋ መቼ ትገባለች?» ሆነ።

በቅሎዋ ግን ገና ሳትነሣ ተያዘች። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ የሚፈቀደው ኤሌክትሪክ ነው ይባላል። አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ፣ «የእኔዋስ ከየትኛው ትቆጠራለች?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አጣርቼ እደውላለሁ» አለ። ሳይደውል ሲቀር ደወልሁ። «የጭነት ናት ከተባለ ምናልባት… ባትሪ አላት ከተባለም ምናልባት…» በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች፤ የእኔዋም ዘመዷን እየቆጠረች ጉምሩክ በር ላይ ልትቀር ነው። ደግሞ ባትሪዋ ቢያረጅ እዚያ አገር ማን ያድሳታል? ይህንንም አስቤአለሁ። ሳላስብ የምገባበት ነገር የለም። የአሠሪዬን ልጅ ለምኜ ጋራዥ ድረስ ሄጄ አስጠይቄአለሁ፤ የተባልሁትን ሁሉ ለወንድሜ እያስደገምሁ አስተምሬዋለሁ።

ወሬው ሰውየው ጆሮ ገባ። የእሱ ፒካፕ በዚያ ወቅት ከመንገድ ይልቅ ማደያ በር ላይ የምትውለው ይበዛል። ሽማግሌ ሰበሰበ።

በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ ተበዳዩ ካልፈቀደ ድንጋዩ አይወርድም። ተበዳይዋ ግን ባሕር ማዶ ናት። ተመካከሩና በስልክ እያየችው ይሁን አሉ። ኔትወርክ ፍለጋ ሁሉም አስፋልቱ ዳር ወረዱ። እኔ ከቅዳሴ ተመልሼ ክፍሌን ዘጋሁ።

«ልጄ፣ እንታይሻለን?» አሉ ለዕርቁ የተጠሩት የመንደሩ ቄስ።

«አያችኋለሁ፣ አባ።»

መስቀላቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉልኝ፤ ግንባሬን ስልኬ ላይ አድርጌ ተሳለምሁ። ወንድሜ ስልኩን አዞረው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ቀላል ድንጋይ የሚመርጥ መስሎኝ ነበር፤ ከባድ ነው የተሸከመው።

«እታለም፣ ማሪኝ» አለ።

ዝም አልሁ። እጄን አላነሣሁም፤ ከንፈሬን አላንቀሳቀስሁም።

«ቆመች እንዴ?» አሉ አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም።

«ኔትወርኩ ነው» አለ አንዱ። «ከፍ አድርገው እንጂ ስልኩን!»

ወንድሜ ከፍ አደረገው። ይበልጥ ታየኝ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«እስክትመለስ ላውርደው?» አለ ሰውየው።

«አርፈህ ቁም!» አሉት አጎቴ። «ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የሚወርድ ድንጋይ የት አይተሃል?»

ወንድሜ ብቻ ነው ያወቀው። ስልኩን የያዘ እሱ ነው፤ ስተነፍስ ያየኛል። ትንፍሽ አላለም። የእናት ልጅ ማለት ይህ ነው።

የሰውየው ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፌን ከፈትሁ።

«ክላክሱን ማን ገለል እንዲልልህ ነው የነፋኸው?»

«ኧረ መጣች! መጣች!» አሉ።

«አላየሁም ነበር፣ እታለም፤ ቦታው እኮ ጠመዝማዛ—»

«ቃሬዛውን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ማን እንዳለበትስ?»

ከድንጋዩ ሥር አለቀሰ። «አውቄአለሁ። ከሰሉን የሚረከበኝ ሰው እዚህ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነበር። ያመልጠኛል ብዬ ነው። ናፍጣውም ነበረኝ።»

አጎቴ በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም።

ቄሱ ተቻኮሉ። «ይኸው በአደባባይ አመነ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ? ይቅር ለእግዚአብሔር በዪ፣ ልጄ። ደግሞ በቅሎዋ ስትመጣ ሾፌር ያስፈልጋታል፤ መንገዱን እንደ እሱ የሚያውቀው የለም፤ እንዳው ብትታረቁ…»

ለካ ድንጋዩን የተሸከመው ለመሪው ኖሯል!

«አውርድ» አልሁት። ድንጋዩ ሲወድቅ ሁሉም እፎይ አሉ። «አውርድ አልሁ እንጂ ይቅር አላልሁም። መኪናዬን የሚነዳት ወንድሜ ነው። መንደር የገባች ዕለት አንተ ከእናቴ ደጅ ተነሥተህ ከፊቷ በእግርህ ትሄዳለህ፣ እስከዚህ እስከ አስፋልቱ። እሷ በባትሪዋ ቀስ ብላ ትከተልሃለች። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያይሃል። አስፋልቱን ስትረግጥ ይቅር ለእግዚአብሔር እላለሁ፤ ከአፌ ትሰማለህ።»

«ይህ የምን ዕርቅ ነው!» ብለው ተቆጡ ቄሱ።

አጎቴ ግን፣ «ዕርቅ ነው እንጂ! ቀን ተቆረጠለት አይደለም?» አሉ።

ሰውየው ማጅራቱን አሸ። «ክረምት ቢሆንስ?»

«ክረምት ቢሆንም።»

«እሄዳለሁ» አለ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንጠብቃለን። አስመጪው አንድ ጊዜ ሊፈቀድ ነው ይለኛል፣ አንድ ጊዜ ሌላ መመሪያ ይመጣል ይለኛል። ጥድፊያዬ የድንቹ ገበያ እንዳያመልጠኝ ይመስለዋል።

በቀደም ወንድሜ ሲያወራኝ፣ «ያ ሰው ጉልበቱን አሞት ምርኩዝ ይዟል፤ ሳሉም ብሶበታል» አለኝ። ክው አልሁ። «እንጅባራ ሐኪም ቤት ይሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?» ብዬ ጮኽሁበት። አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ የጉልበት ቅባት ላክሁለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማለዳ ጸሎቴ ላይ ስሙን እየጠራሁ ለጉልበቱ፣ ለትንፋሹ፣ ለዕድሜው እለምናለሁ።

ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ድምፃቸው በደስታ ተንቀጠቀጠ። «ለጠላትሽ መጸለይ ጀመርሽ? ይህ እኮ ለብዙዎች ያልተሰጠ ጸጋ ነው፣ ልጄ!»

«አሜን፣ አባቴ» አልኋቸው። መኪናዋ ብትዘገይም ትመጣለች። እሱ በሞት ከቀደማት ግን ምን አደርጋለሁ?