የአባቴ መኪና የዳሽቦርድ መብራት

ቻርጀሬ ሲቃጠል ቤቱን የሞላው የሽቦ ሽታ ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ ቆሰበር፣ ወደ ሾፌሩ አባቴ አሮጌ የጭነት መኪና መለሰኝ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባቴ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ለመብራቱ ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ እንደገና ቀየረና፣ አጠገቡ የተቀመጥኩትን ልጁን "አሁንስ?" አለኝ።

"በርቷል፣ አባባ።" የፍጥነት መለኪያው ቁጥሮች ቁልጭ ብለው ይታዩኝ ነበር።

"የት አባቱ በራ! ድንግዝግዝ ያለ ነው!" ብሎ ፒንሳውን ወረወረው።

እናቴ ከደጅ ሆና፣ "መብራቱ ምን አደረገዎት? ይልቅ ሐኪም ቤት ይሂዱ" አለችው።

ለመብራት ሐኪም ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። እሱ ደህናውን ሽቦ ቆረጠው።

ከክረምቱ በኋላ መኪናውን ሌላ ሾፌር ያዘው፤ አባቴን እጁን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ያን ምሽት "በርቷል" ስለው ምን እንዳረዳሁት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።