በጆሮ የተለካ ዕድሜ

ጎሚስታው ሊበን ዕድሜው ስንት ነው? አሰላ ውስጥ ስድስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል፤ ብትጠይቁኝ ግን ሁለት መልስ አለኝ። መታወቂያው ሠላሳ ሰባት ይላል። የልጁ ነገር እስኪመጣ ድረስ እሱም ይህንኑ አምኖ ነበር የኖረው።

ሊበን አጭር ነው፤ ትከሻው ግን ሰፊ። የሲኖትራክ ጎማ ሲያንከባልል ከኋላው አይታይም። ሾፌሮቹ «ጎማው ብቻውን መጣ!» ይሉታል። «ብቻውን ከመጣ ብቻውን ይጠገናላ» ይላቸውና ቁጭ ይላል።

ልጁ ቱሳ አምስት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያህላል። ባለፈው ክረምት ብጉር አወጣ፣ ላቡ ይሸት ጀመር፣ ድምፁ ጎረነነ። መዋዕለ ሕፃናት ያሉት ልጆች «ጋሼ ቱሳ» ይሉታል። ሲወድቅ «እማዬ!» ብሎ ያለቅሳል፤ ድምፁ የጎልማሳ ነው። ሰፈሩ ሲስቅ ሊበን አብሮ አይስቅም።

ሐኪም ቤት ወሰደው። ዶክተር ሐመልማል የልጁን እጅ ራጅ አስነሳች፤ አጥንቱ የአሥር ዓመት ልጅ አጥንት ሆኖ ተገኘ።

«አሁን ከእኩዮቹ ይረዝማል» አለችው፤ «የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ቶሎ ከተዘጋ ግን ማደጉ ያኔውኑ ይቆማል። አጭር ሆኖ ይቀራል።»

የደም ውጤቱም ግራ ያጋባል። የጉርምስና ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል ነው። የቱሳ አንጎል ገና ምንም አላዘዘም፤ የወንድነት ሆርሞኑ ግን እንደ ትልቅ ሰው ከፍ ብሏል። እንዲህ የሚያደርገው ወይ ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ነው፣ ወይም በቤተሰብ እየወረደ ወንዶቹን ያለ ጊዜያቸው የሚያስጎረምስ የዘር ለውጥ።

«ያንተስ ድምፅ በስንት ዓመትህ ጎረነነ?»

«ሦስተኛ ክፍል ሆኜ፣ በአሥራ አንድ።»

«እሱ ብዙም አይገርምም። እንግዲያው ዕጢ መኖሩን እንፈልግ» ብላ ለሐሙስ አልትራሳውንድ አዘዘች።

ዕጢ የሚለው ቃል የሊበንን እንቅልፍ ወሰደው። በሦስተኛው ቀን ዲክሲስ ላለችው እናቱ ለሀጂራ ደወለ።

«አዮ፣ ለልጁ ዱዓ አድርጊለት። ያለ ዕድሜው ጎረመሰ።»

«ምን አዲስ ነገር አለው? አባትህም እንዲሁ ነበር አሉ። አንተስ ብትሆን፣ ጥርስህ ተነቅሎ ሳያልቅ እንደ በሬ ታገሳ አልነበር?»

«በአሥራ አንድ ዓመቴ ጥርሴ?»

«የምን አሥራ አንድ! ያንተን ዕድሜ እኮ ጆሮህ ነው ያስጻፈው!»

ያኔ ለትምህርት የሚመዘገብ ልጅ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የማዶውን ጆሮ ይነካ ነበር። ከነካ ደርሷል ማለት ነው። ሊበን ጆሮውን አልፎ ጉንጩን ያዘ። መዝጋቢው ቁመቱን ሽቅብ ቁልቁል አየና «ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ። ሀጂራ «ኧረ አምስት ነው!» ብትለው፣ «እናቶች ልጅ ስታሳንሱ!» ብሎ ሳቀባት።

«አምስት መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«የአክስትህ ልጅ ነቢላ በተወለደች በወሩ ነው የወለድኩህ። የሷ የክትባት ካርድ አለ።»

ነቢላ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችለት። ሊበን ደጋግሞ ቀነሰ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ድምፁ የጎረነነው በሰባት ዓመቱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አልትራሳውንዱ ዕጢ አላሳየም። ሊበን የጆሮውን ታሪክ ሲነግራት ዶክተር ሐመልማል ብዕሯን አስቀመጠች።

«ይሄን መጀመሪያ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እኔስ መች አወቅኩት?»

ከእሱ የወረደ የዘር ለውጥ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ለማረጋገጫም የደም ናሙና እንደሚላክ ነገረችው። ያለ ጊዜያቸው ለሚጎረምሱ ሌሎች ልጆች የሚሰጠው፣ አንጎልን ዝም የሚያሰኘው መርፌ አሁን አይጠቅመውም፤ አንጎሉ መች ተናገረና። ቱሳ በየቀኑ የሚወስደው፣ ሆርሞኑን የሚገታና የአጥንቱን ችኮላ የሚያዘገይ ክኒን ይጀምራል።

«ከኔ ይረዝማል?»

«ቃል አልገባልህም። ግን ጊዜ አለን።»

ባጃጁ ውስጥ ቱሳ በዚያ ወፍራም ድምፁ ጠየቀ፦

«አባ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

«አምስት።»

«ጋሼ አይደለሁማ?»

«አይደለህም።»

ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አያቸው፤ አልሳቀም።

ሊበን ልጁን ቤት ለሚስቱ አስረክቦ ሱቁን ከፈተ፤ የተደረደሩት ጎማዎች ላይም ጋደም አለ። አንድ ሲኖትራክ ደጃፉ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋ። እሱ ግን አልሰማም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።